የቆመ አይሮፕላን ነፋስ እንዳይወስደው

ጎረቤላ የአንኮበር ወረዳ ከተማ ናት፤ የሸዋ ደጋ አልቆ ወደ አዋሽ ቆላ ቍልቍል የሚወርድበት አፋፍ ከአጠገቧ ነው። በእንዲህ ያለ አፋፍ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚሄድ ካህን ነፋስ በመጣ ጊዜ ጃንጥላውን ወደ ነፋሱ ያዘነብላል፤ ነፋሱ ከውስጥ የገባበት እንደ ሆነ ከእጁ እንደሚነጥቀው ያውቃልና። የቆመ አይሮፕላን ነገርም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ብዙ ሰው አይሮፕላን የሚያሠጋው በሰማይ ሳለ ብቻ ይመስለዋል፤ ወርዶ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ እንደ ማናቸውም ሠረገላ በመንኰራኵሩ ቆሞ የሚያድር ነው ይላል። ክንፉ ግን በምድርም ክንፍነቱን አይተውም። አይሮፕላኑ በአየሩ ላይ ቢሮጥ፥ ወይም አየሩ በአይሮፕላኑ ላይ ቢሮጥ፥ ለክንፉ አንድ ነው። ሙሉ ጭነት ይዛ 1,100 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው ትንሿ ሴስና 172 በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሮጥ አየር ይሸከማታል። የነፋስ ኃይል ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ስለሚሆን፥ 45 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ነፋስ አፍንጫዋ ቀና ብሎ ቢያገኛት የክብደቷን ሩብ ያቀልላታል፤ ባዶዋን ከቆመችማ ከዚህም ይበልጣል። በ3,000 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳልና ኃይሉም ይቀንሳል የሚል ቢኖር፥ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ነፋሱ በፍጥነቱ ላይ ስድስተኛውን ያህል ቢጨምር የጐደለው ሁሉ ይመለሳል።

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ፖቴዝ 25 ክንፉ በጨርቅ የተለበጠ ነበረ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በረራ የጀመረባቸው ዳግላስ ሲ 47 አይሮፕላኖችም ጅራታቸው ዝቅ፥ አፍንጫቸው ቀና ብሎ የሚቆሙ ነበሩና፥ ቆመው ሳሉ እንኳ ክንፋቸው ነፋስን ለመቀበል የተሰናዳ ነበረ።

ስለዚህ አይሮፕላኑ ፊቱን ወደ ነፋሱ ይዞ ይቆማል፤ መሪዎቹ ይቆለፋሉ፥ በጎማዎቹ ፊትና ኋላ ታኮ ይገባል፥ ከሁለቱ ክንፎችና ከጅራቱም ገመድ ወርዶ ከምድር ጋራ ይታሰራል። የቃጫ ገመድ ሲረጥብ ያጥራልና፥ ጨርሶ ከተወጠረ ዝናብ በመጣ ጊዜ ክንፉን ይጐዳል፤ እጅግ ከላላም አይሮፕላኑ እየዘለለ ይበጥሰዋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ካስማው ነው። በመዶሻ የተመታ ብረት በበጋ ደረቅ መሬት ጽኑ መስሎ ይታያል፥ ክረምት ሲገባ ግን ከጭቃው ውስጥ ይነቀላል። ቀለበት ያለው ስሚንቶ አስቀድሞ ከምድር ሊቀበር ይገባል፤ ይህም ሜዳው ሲጠረግ አብሮ የሚሠራ ነው እንጂ፥ አብራሪው በመሸ ጊዜ ደርሶ ድንጋይ የሚለቅምበት ሥራ አይደለም። የሜዳውን ርዝመት ብቻ ለክቶ ማሰሪያውን የሚረሳ ሹም ሥራውን በእኩሌታ ትቶታል።

የአይሮፕላን ሜዳ በሌለበት አፋፍ የሚያርፈው ሄሊኮፕተር ነው፤ እርሱ ደግሞ ክንፉ ከራሱ በላይ ነውና፥ ሞተሩ ጠፍቶ መሽከርከሩ እንደ ቆመ ክንፎቹ ከአካሉ ጋራ ይታሰራሉ።