የወር ደመወዝና የመጽሐፍ ሥራ በምንዛሪ ለውጥ ዘመን

የኑሮ ውድነት ፈጥኖ የሚጎዳው ገቢው አስቀድሞ የተቆረጠለትን ሰው ነው። በኢትዮጵያ ደመወዝተኛውና በራሱ ወጪ የሚያሳትመው ደራሲ በዚህ ይመሳሰላሉ፤ ብዙ ጊዜም አንድ ሰው ናቸው። ቀን መምህር ወይም ጋዜጠኛ የሆነው ማታ ይጽፋል፤ ከደመወዙ ቆጥቦም ያሳትማል።

ደመወዙን ከዋጋ ንረት የሚጠብቅለት ሕግ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል። በ2008 ዓ.ም. ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ 600 ብር ነበር፤ ወደ 2,000 ብር ከፍ ያለው በ2017 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ከገበያው ጋር ሊስተካከል ያልቻለ ጭማሪ እንኳ ግብር ይቆረጥበት ነበር።

ደራሲው የኅትመትን ኪሳራ ሁልጊዜ ብቻውን አልተሸከመም። በደርግ ዘመን የመንግሥት የነበረው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የኅትመት ወጪውን ይችል ነበር። በምትኩ የነበረው ሳንሱር ግን ከባድ ነበር። ኩራዝ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ከገበያ ተሰብስቧል፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀርቷል። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ቅድመ ምርመራን አስቀረ። ኢኮኖሚው ወደ ነፃ ገበያ ሲዞር ግን የማሳተሙ ዕዳ ደራሲው ትከሻ ላይ ወደቀ።

ወረቀቱም ቀለሙም በአብዛኛው ከውጭ ስለሚመጣ የማተሚያ ቤት ዋጋ ዶላርን ይከተላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። እንዲህ ባለ ጊዜ ደራሲው ፕሮፎርማ ተቀብሎ ብሩን እስኪያሟላ ዋጋው ተለውጦ ይጠብቀዋል። የታተመውን በየመደብሩ በአደራ ያስቀምጣል፤ ባለመደብሩ ድርሻውን ቆርጦ ሒሳቡን የሚሰጠው መጽሐፉ ሲሸጥ ነው። ከወራት በኋላ የተለቀመው ብር ሁለተኛውን እትም አያሳትምም። አንባቢ እያለው ከገበያ የሚጠፋ መጽሐፍ ታሪኩ ይኸው ነው፤ የሚያሳዝነውም ይህ ነው።

አንባቢውም ደመወዝተኛ ነው። የቤት ኪራይ ከፍሎ፣ ጤፍ ገዝቶ የሚተርፈው ስለሚያንስ በቴሌግራም የሚዘዋወረውን ቅጂ ያወርዳል። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ ነገር ግን ለጠበቃ የሚከፈለው ከመጽሐፉ ገቢ ሊበልጥ ስለሚችል ብዙው ደራሲ ክስ አይጀምርም። ከዚህ ይልቅ ወደ ትርጉም ሥራና ወደ ተከታታይ ድራማ ጽሑፍ ያዘነብላል፤ እዚያ ቢያንስ የማተሚያ ቤት ዕዳ የለበትም።