«ዋግ»፣ «አረማሞ»ና «ኤርጎት»፦ ስለ ሣር ፈንገሶች ስያሜ

በግጦሽ መስክ የሚበቅሉ የዱር ሣሮችን ስለሚያጠቁ ፈንገሶች የተጻፉ ጽሑፎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ፣ በሽታዎቹ ሁሉ «ዋግ» ወይም «ሻጋታ» በሚል አንድ ስም ተጠቃልለው ይገኛሉ። ጉዳቱ የቃል ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር፤ ነገር ግን የበሽታዎቹ መተላለፊያ መንገድ የተለያየ በመሆኑ፣ ስማቸው ሲደባለቅ የመከላከያው ምክርም አብሮ ይደባለቃል።

ገበሬው ዋግ የሚለው በቅጠልና በአገዳ ላይ ዝገት መሰል ብናኝ የሚያወጣውን ነው። ብናኙን ነፋስ በመቶ ለሚቆጠር ኪሎ ሜትር ሊወስደው ይችላል። የግንድ ዋግ በተጨማሪ ቤርቤሪስ በተባለ እሾሃማ ቁጥቋጦ ላይ የሕይወቱን ከፊል ያሳልፋል፤ ይህንንም ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ እ.ኤ.አ. በ1865 አሳይቷል። እንግዲህ ብናኙ «የፈንገስ ዘር» ተብሎ ሲተረጐም፣ አንባቢው ዘሩን በመድኃኒት ማሸት የሚበቃ ይመስለዋል፤ ዋግ ግን በሣሩ ዘር አይተላለፍም። ስለዚህ «ስፖር» የሚለውን የውጭ ቃል እንዳለ መያዝ ይመረጣል።

አረማሞ (ቃሉ ለሰሚው አረምን ማስታወሱ የማይበጅ ቢሆንም) ፍሬውን ወደ ጥቁር ዱቄት የሚለውጠው ነው። ከዓይነቶቹ አንዱ በዘሩ ገጽ ላይ ተጣብቆ ይቆያል፤ ሌላው በአበባ ጊዜ ገብቶ በዘሩ ፅንስ ውስጥ ይከርማል። የፊተኛውን ገጽ ላይ የሚቀር መድኃኒት ያጠፋዋል፤ የኋለኛውን ግን አይደርስበትም። ተርጓሚው «በዘር የሚተላለፍ» ብሎ ካለፈ ልዩነቱ ይጠፋል፤ «ላይ»ና «ውስጥ» የሚሉት መስተዋድዶች እዚህ ሕክምናውን ይወስናሉ።

እጅግ አሳሳቢው ኤርጎት ነው። ፈንገሱ በሣሩ አበባ ላይ ሲያርፍ በመጀመሪያ ጣፋጭ ፈሳሽ ያወጣል፤ ነፍሳትም ፈሳሹን ሲልሱ ስፖሩን ወደ ሌላ አበባ ያደርሱታል። ይህን ፈሳሽ «የማር ጠል» ብሎ ቃል በቃል መተርጐም ከሰማይ የወረደ ያስመስለዋል። ኋላ በፍሬው ፋንታ ቀንድ መሰል ጥቁር አካል ይበቅላል፤ መርዙም በዚህ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977–78 በወሎ፣ ኤርጎት የያዘ ሲናር ከገብስ ጋር ተደባልቆ በመበላቱ ሰዎች ተመርዘው ሞተዋል። ዋግ ምርት ይቀንሳል እንጂ በላተኛውን አይመርዝም። ኤርጎትን «ዋግ» ብሎ የተረጐመ ሰው ይህን ማስጠንቀቂያ ከጽሑፉ አውጥቷል ማለት ነው። ስለሆነም «ኤርጎት» የሚለው ስም እንዲያዝ፣ በመጀመሪያ በተጠቀሰበትም ቦታ «መርዛማ የሣር ፈንገስ» የሚል ፍቺ እንዲከተለው እናሳስባለን።