በአሜሪካ አንዴ ብቻ የተሠራበት አንቀጽ

ቻይና እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2001 የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ስትሆን፣ ነባሮቹ አባላት በመግቢያ ውሏ ላይ ጠንከር ያለ ግዴታ አስፍረውባት ነበር። ከቻይና የሚገባ አንድ ዕቃ በድንገት ገበያ አጥለቅልቆ የአገር ውስጥ አምራች ቢጎዳ፣ ተጎጂው አገር በቻይና ዕቃ ላይ ብቻ ቀረጥ መጨመር ወይም መጠኑን መገደብ ይችል ነበር። በተለመደው የጥበቃ እርምጃ «ከባድ ጉዳት» መረጋገጥ አለበት፤ እዚህ ግን መመዘኛው ዝቅ ብሎ ነበር። የአንቀጹ ዕድሜ 12 ዓመት ነበር።

አሜሪካ ይህንኑ አንቀጽ 421 ብላ በሕጓ አስገባች። ከዚያስ? በየላውንደሪው የምትታየውን የሽቦ ልብስ መስቀያ እንውሰድ። አምራቾቿ አቤት አሉ፤ የአገሪቱ ዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሽንም መርምሮ እውነታቸውን ነው አለ። ፕሬዚዳንት ቡሽ ግን በ2003 አቤቱታውን ውድቅ አደረጉት። መስቀያ ቢወደድ ላውንደሪዎች ይጎዳሉ የሚለው አንዱ ምክንያታቸው ነበር። ኮሚሽኑ እውነት ናቸው ያላቸው ሌሎች ሦስት አቤቱታዎችም በቡሽ ዘመን ዕጣቸው ይኸው ሆነ። መስቀያ ሠሪዎቹ ያለአግባብ በርካሽ የሚሸጥ የውጭ ዕቃን በሚከላከለው የፀረ-ድምፒንግ ሕግ በኩል ዞረው ቀረጥ ያስጣሉት በ2008 ነው። አምስት ዓመት ለትንሽ ፋብሪካ ዕድሜ ልክ ነው።

አንቀጹ በአሜሪካ የሠራው በ2009 ብቻ ነው። ከቻይና የሚገባው የመኪና ጎማ በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት እጥፍ ገደማ አድጎ ነበርና፣ ኦባማ በሠራተኞች ማኅበር አቤቱታ በመጀመሪያው ዓመት 35 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ጣሉ። ቻይና ከሰሰች፤ በ2011 በይግባኝም ተረታች። በአሜሪካ ዶሮ ላይ ግን ቀረጥ ጥላ አጸፋውን መልሳለች። ሸማቹም ለጎማ ብዙ ከፍሏል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ቢሆንም ውሳኔው ተገቢ ነበር፤ ጥፋቱ መዘግየቱ ነው። በታኅሣሥ 2013 የአንቀጹ ጊዜ አበቃ።

ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። ቻይና የድርጅቱ አባል በሆነችበት ሰሞን የቻይና ጫማ የመርካቶን ጫማ ሠሪዎች ገበያ ነጥቋቸው ነበር፤ ኢትዮጵያም ለዚሁ ድርጅት አባልነት ያመለከተችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። መብት በውል ላይ መስፈሩ ብቻውን ጫማ ሠሪውን አያድነውም። አቤቱታ ተቀብሎ የሚመረምር ባለሙያ፣ በየዕቃው ዓይነት የተለየ የጉምሩክ መረጃ፣ ለውሳኔውም ቁርጥ ያለ ቀን ያስፈልጋል። የንግድ ተደራዳሪዎቻችን ለታሪፍ ሰንጠረዡ የሚሰጡትን ትኩረት ለዚህም ይስጡ።