ከቂሊንጦ እስከ ስድስት ኪሎ

ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚወስደው መንገድ የከባድ መኪና መንገድ ነው። ከጅቡቲ ኮንቴነር ጭነው የመጡ ተሳቢዎች ተራ ይጠብቃሉ፤ ግራና ቀኙ የፋብሪካና የመጋዘን አጥር ነው። ከዚያ ገባ ሲሉ፣ ቂሊንጦ ላይ፣ በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ዩኒቨርሲቲው በሰው ሠራሽ አስተውሎትና በሮቦቲክስ ላይ የሚመራመር የልህቀት ማዕከል አለው። የሕግ ትምህርት ቤት ግን የለውም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ መማር የሚፈልግ የአቃቂ ልጅ ከተማዋን ከደቡብ ወደ ሰሜን አቋርጦ ስድስት ኪሎ መውጣት ይኖርበታል፤ የሕግ ትምህርት ቤቱ ያለው እዚያ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር መስመር ከቃሊቲ እስከ ምኒልክ አደባባይ ተዘርግቷል። መንገዱ አለ ማለት ነው። የጠፋው ሁለቱን ዕውቀት ይዞ የሚመላለስ ሰው ነው። ማሽን እንዴት እንደሚማር የሚያውቀው አንድ ጫፍ ላይ፣ ማሽኑ ሲያጠፋ ማን እንደሚጠየቅ የሚያጠናው ሌላው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ መምህርና ተመራማሪ ለመሆን መዘጋጀት ማለት፣ በአጭሩ፣ ይህን ርቀት ደጋግሞ መሄድ ነው።

አገሪቱ እንዲህ ያለ ሰው የምትፈልግበት ጊዜ ደርሷል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከል በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የተቋቋመው በ2012 ዓ.ም. ነበር፤ ኋላም ወደ ኢንስቲትዩት አደገ። በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጣ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ብሔራዊ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፖሊሲ አጸደቀ። ከዚያ በፊት የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 እና የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥተዋል። አዋጅ ማውጣት የሥራው መጀመሪያ ነው። ዳኛው ክርክር ሲቀርብለት የሚያነበው ማብራሪያ፣ ተማሪው የሚማርበት መጽሐፍ፣ ሕግ አውጪው ስህተቱን የሚያይበት ትችት ገና አልተጻፈም ማለት ይቻላል። ያንን የሚጽፈው የሕግ ምሁር ነው።

ነገሩ የሩቅ አገር ጉዳይ የሚመስለው ሰው ቃሊቲ ጉምሩክ ደጃፍ ጥቂት ይቁም። ወደ አገር የሚገባ ዕቃ ሁሉ አይፈተሽም። የጉምሩክ ሥርዓት ጭነትን በስጋት ደረጃ ይለያል፤ አረንጓዴ የደረሰው ያልፋል፣ ቢጫ የደረሰው ሰነዱ ይመረመራል፣ ቀይ የደረሰው ዕቃው ይፈተሻል። ይህን ትራንዚተር ሁሉ ያውቀዋል። አሠራሩ የግድ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አይደለም፤ ሰው አስቀድሞ ባስቀመጠው መስፈርት ሊሠራ ይችላል። መስፈርቱን ማሽኑ ራሱ ካለፉት ዓመታት የፍተሻ መዝገብ እየተማረ የሚያወጣበት ቀን ሲመጣ ግን፣ ቀይ እየተደጋገመ የሚደርሰው አስመጪ «ለምን እኔ?» ቢል ማን ይመልስለታል?

የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ተቋም ውሳኔውን በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ይጠይቃል። እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይጀምራል። ጭነትን ወደ ቀይ መስመር መመደብ ራሱ «ውሳኔ» ነው ወይስ የውሳኔ ዝግጅት? መሥሪያ ቤቱ «ሥርዓቱ ነው የመረጠው» ብሎ ቢጽፍ ምክንያት ሰጠ ይባላል? የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 የዘረጋው የቅሬታ መንገድስ ከዚህ አዋጅ ጋር እንዴት ይታረቃል? እያንዳንዱ ጥያቄ ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ይበቃል። የአውሮፓን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ ብራስልስ ተቀምጦ የሚጽፈው ሰው ሊመልሳቸው አይችልም፤ አዋጁንም ጉምሩኩንም አያውቅም።

ስለዚህ የዝግጅቱ መነሻ ያው የጥንቱ ሕግ ነው። ብዙ ወጣቶች «የቴክኖሎጂ ሕግ እፈልጋለሁ» ሲሉ ከውል ውጭ ኃላፊነትን እንደ ማለፊያ ኮርስ ያልፉታል። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የማሽን ወይም የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት፣ ማሽኑ ወይም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ያንቀሳቀሰው ሰው ፈቃድ ያልተሰጠው ቢሆን እንኳ። ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤትን፣ እንስሳው ድንገት ከእጁ አምልጦ ላደረሰው ጉዳት ጭምር ተጠያቂ ያደርገዋል። ቁጥር 2085 ደግሞ ለትርፍ ዕቃ አምርቶ ለሕዝብ የሚያቀርበውን ይመለከታል። በአቃቂ ፋብሪካ ውስጥ በራሱ የሚወስን የማሽን ክንድ የእንግዳን እጅ ቢጎዳ፣ ክርክሩ የሚጀምረው ከነዚህ ቁጥሮች ነው። በራሱ የሚወስነው መሣሪያ እንደ ማሽን ይቆጠር ወይስ እንዳመለጠ በሬ? ሁለቱም በሕጉ ውስጥ ቦታ አላቸው።

ሶፍትዌርስ? ሶፍትዌር አይጨበጥም፤ ሕጉ ደግሞ «ዕቃ» ሲል በመጀመሪያ የሚጨበጠውን ያስባል። ነገር ግን ቁጥር 1129 ላይ አንድ ድንቅ በር ተከፍቶ ይገኛል። የኢኮኖሚ ዋጋ ያላቸው የተፈጥሮ ኃይሎች፣ ለምሳሌ ኤሌክትሪክ፣ ሰው ገርቶ ለአገልግሎቱ ካዋላቸው ግዙፍነት እንዳላቸው ተንቀሳቃሽ ነገሮች ይቆጠራሉ። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ግድብ በአገሪቱ ከቀደምቶቹ የኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው፤ ሕግ አውጪው ከግድቡ የሚወጣውን የማይጨበጥ ነገር «ዕቃ» ብሎ ለመጥራት አልቸገረውም። ይኸው አስተሳሰብ እስከ ሶፍትዌር ይዘረጋ እንደሆነ፣ ወይም «የተፈጥሮ ኃይል» የሚለው ቃል በሩን ይዘጋው እንደሆነ፣ ተቀምጦ የሚከራከር ሰው ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለ ሥራ በአገራችን አዲስ አይደለም። የፍትሐ ብሔሩን ሕግ ያረቀቀው ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነው። ሕጉ ከወጣ በኋላ የስድስት ኪሎው የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈት፣ መምህራኑ የገጠማቸው ችግር ዛሬ ከሚታየው ጋር ይመሳሰላል፤ ጽሑፉ አለ፣ የሚያብራራው የለም። በፋኩልቲው ያስተምር የነበረው ፖላንዳዊው ጆርጅ ክሼቹኖቪች ከውል ውጭ ኃላፊነትን አንቀጽ በአንቀጽ እየተነተነ ጻፈ፤ የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔትም መታተም ጀመረ። እነዚያ ጽሑፎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ይጠቀሳሉ። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ ያንን የመሰለ ትዕግሥት ያለው ማብራሪያ የሚጽፈው ትውልድ አሁን በተማሪ ወንበር ላይ ያለው ነው።

ሕጉን ካወቁ በኋላ ደግሞ ወደ ቂሊንጦ መመለስ ያስፈልጋል። የሕግ ተማሪ መሐንዲስ መሆን የለበትም፤ ግን ማሽን ከምሳሌ እንዴት እንደሚማር፣ የስህተት መጠን ምን እንደሆነ፣ ናሙና ሲዛባ ውጤት እንዴት እንደሚዛባ በቅጡ ማወቅ አለበት። ለዚህ የመጀመሪያ ደረጃ ስታቲስቲክስና ፓይተንን ከመሰለ የፕሮግራም ቋንቋ ጋር መተዋወቅ ይበቃል። ጥቅሙን አንድ ምሳሌ ያሳየዋል። አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡላምዊኒ ጋር በ2010 ዓ.ም. ባወጣችው ጥናት፣ ፊትን አይቶ ጾታን የሚለዩ የንግድ ሶፍትዌሮች ቆዳቸው ፈካ ባለ ወንዶች ላይ ከ0.8 በመቶ ያልበለጠ ስህተት ሲሠሩ፣ ቆዳቸው በጠቆረ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ይሳሳቱ ነበር። ይህን ቁጥር ማንበብ የማይችል የሕግ ሰው፣ የእኩልነት መብት መጣሱን ማየትም ማስረዳትም አይችልም።

ሌላዋ የአዲስ አበባ ልጅ ረድኤት አበበ ናት። የኮምፒዩተር ሳይንስ ሊቋ ረድኤት በካሊፎርኒያ በርክሌይ ስታስተምር፣ ከሕግ ፕሮፌሰሯ ከሪቤካ ዌክስለርና ከሌሎች ባልደረቦች ጋር ሆና፣ በወንጀል ክስ ማስረጃ የሚያወጡ ሶፍትዌሮች በተከላካይ ወገን እንዴት ይፈተኑ የሚለውን በ2014 ዓ.ም. ጽፋለች። የማሽኑ አዋቂና የሕጉ አዋቂ አንድ ጽሑፍ ላይ ስማቸውን አኖሩ። ቂሊንጦና ስድስት ኪሎ ሊያደርጉት የሚገባው ይህንኑ ነው።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር መነሳት አለበት። በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የሚወጣ ሕግ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተማል፤ ሁለቱ ሲለያዩ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት የበላይነት ያለው አማርኛው ነው። የሕግ ትምህርቱ ግን በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ የቴክኖሎጂው መጽሐፍም እንግሊዝኛ ነው። ውጤቱ ቃላት ሳይብላሉ አዋጅ ውስጥ መግባታቸው ነው። «አስተውሎት» የሚለው ቃል ራሱ ይመርመር። ማስተዋል በአማርኛ ብልህነት ብቻ አይደለም፤ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ውጤቱን አመዛዝኖ መሥራትን ይጨምራል። ሽማግሌ ያስተውላል፣ ዳኛ ያስተውላል። ማሽን ያስተውላል ብለን በሕግ ቃል ስንጽፍ ኃላፊነትን ከሰው ወደ ማሽን እንዳናሸጋግር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በ«አስተውሎት» ፈንታ «ልህቀት» የሚሉ አሉ፤ የግል ዳታ አዋጁ ደግሞ «ዳታ»ን እንዳለ ወስዶታል። ይህን የቃል ሥራ የሕግ ምሁሩ ለተርጓሚ ሊተወው አይገባም፤ ፍርድ ቤት የሚያነበው አማርኛውን ነውና።

የትምህርቱ ጉዞ የታወቀ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪው 5 ዓመት ይፈጃል፤ የመውጫ ፈተና አለው። ሁለተኛ ዲግሪ ያለው በሌክቸረርነት፣ ዶክትሬት የያዘ በረዳት ፕሮፌሰርነት ይጀምራል። ክፍያው አነስተኛ ነው፤ ከጥብቅና ገቢ ጋር አይወዳደርም፤ ይህን ማንም ወጣት አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል። ቀድመው የሄዱበት ግን አሉ። ክንፈሚካኤል ይልማ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጁ በወጣ በወራት ውስጥ ትችቱን በሚዛን የሕግ መጽሔት አሳተመ፤ በሜልበርን ዶክትሬቱን ሠራ፤ በዲጂታሉ ዘመን ስላለ የግል ሕይወት መብትና ዓለም አቀፍ ሕግ የጻፈውን መጽሐፍ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ አሳተመለት። ሃለፎም ሃይሉ አብርሃ አልጎሪዝም ሠራተኛን ሲቀጥርና ሲያዝ ሕግ ምን ሊያደርግ እንደሚገባ በአውሮፓ ሆኖ ጽፏል። የክንፈሚካኤል መንገድ በተለይ ያስተምራል፦ አዋጁ ሲወጣ ወዲያው፣ በአገር ውስጥ መጽሔት፣ ስለ አገር ሕግ። ሚዛን በቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ ይታተማል፤ ባሕር ዳር፣ ሐረማያና ጅማም የየራሳቸው የሕግ መጽሔት አላቸው። የመመረቂያ ጽሑፍ በዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ ላይ አቧራ እንዲጠጣ መተው አያስፈልግም።

ከመጽሔት ባሻገር የሰበር ውሳኔዎች አሉ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከ5 ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ስለ ኤሌክትሮኒክ ማስረጃ፣ ስለ ባንክ ዝውውር፣ ስለ ማሽን አደጋ የተሰጡ ውሳኔዎችን እየሰበሰበ ማስታወሻ የሚይዝ ተማሪ፣ ሌላው ያላየውን ሀብት ይዞ ይመረቃል። ይህን ሥራ ለቻትጂፒቲ አሳልፎ መስጠት አደጋ አለው። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የኒውዮርክ ፌዴራል ዳኛ፣ ማሽኑ ፈጥሮ የሰጣቸውን የሌሉ ፍርዶች ለችሎት ያቀረቡ ጠበቆችን 5 ሺህ ዶላር ቀጥቷል። ስፍር ቁጥር የሌለው ጽሑፍ ባለበት በእንግሊዝኛ እንዲህ ከሆነ፣ በአማርኛ የሰበር መዝገብ ላይ ጥንቃቄው ሊበልጥ ይገባል።

የአልጎሪዝምን ኃላፊነት በራስ ሕግ ለመመለስ መዘግየት የሚያስከፍለውን ዋጋ የሚያሳይ አንድ መዝገብ ናይሮቢ ላይ ተከፍቷል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በባሕር ዳር ተገደሉ። ከዚያ በፊት በፌስቡክ ላይ በእሳቸው ላይ ያነጣጠሩ ጽሑፎች ተሰራጭተው ነበር። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ከሌሎች ከሳሾች ጋር በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ፤ የኩባንያው አልጎሪዝም ጥላቻን አጉልቶ አሰራጭቷል ይላል ክሱ። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ። ሟቹ ኢትዮጵያዊ፣ ከተማው የኢትዮጵያ፣ ጽሑፉ የኢትዮጵያ፤ ሕጉ የሚተረጎመው ግን የኬንያ ነው። በአፍሪካ ስለ አልጎሪዝም ኃላፊነት ከሚሰጡት ቀዳሚ ፍርዶች አንዱ ሊሆን የሚችለው ይህ ክስ በኢትዮጵያ የሕግ ክፍሎች ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ሊነበብ ይገባል።

ለሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀርበው ጥያቄ ከባድ አይደለም፤ በአንድ ሴሚስተር አንድ የጋራ ኮርስ ይክፈቱ፤ የቂሊንጦ ተማሪ የፍትሐ ብሔሩን ቁጥር 2081 ያንብብ፣ የስድስት ኪሎ ተማሪ ማሽን ሲሳሳት በዓይኑ ይይ። እስከዚያው፣ የአቃቂ ቃሊቲ ወጣት ሆይ፣ ኮርሱ እስኪከፈት አትጠብቅ፤ አንቺም አትጠብቂ። አዋጅ ቁጥር 1321ን ከነጋሪት ጋዜጣው በአማርኛ አንብቡ፤ የሰፈራችሁን የኮምፒዩተር ተማሪ ፈልጋችሁ አብራችሁ ተቀመጡ።