ከመካኒሳ የተነሣ ቋንቋ

መርካቶ በጆሮ የሚነገድበት ገበያ ነው። ዋጋ በድምፅ ይጠራል፣ ደላላ ይጣራል፣ ሸክም ያዘለው ከኋላ እየጮኸ መንገድ ያስለቅቃል። በዚህ ገበያ ዙሪያ የተወለደ መስማት የተሳነው ልጅ ከ1956 ዓ.ም. በፊት የሚገባበት ትምህርት ቤት በከተማው አልነበረም። ዐይን አይቶ የሚቀስመው ሙያ ከቀናው ልብስ ይሰፋል፣ ጫማ ይጠግናል። ከእናቱና ከእህት ወንድሞቹ ጋር ቤት ውስጥ በፈጠሯቸው ጥቂት ምልክቶች ይግባባል፤ ከደጃፍ ሲወጣ ግን እነዚያን ምልክቶች የሚያውቅለት ሰው የለም። ጸበል ለጸበል ይዞት የሚዞር ወላጅ ብዙ ነበር። ደብተር የሚገዛለት ጥቂትም አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ደብተሩን ይዞ የት ይሂድ?

በ1956 ዓ.ም. ከአሜሪካ የመጡ የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሚስዮናውያን መካኒሳ ላይ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ዛሬ ከመርካቶ ተነሥቶ በሜክሲኮና በሳር ቤት በኩል በታክሲ የሚደረስበት መካኒሳ ያኔ የከተማው ዳርቻ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ አልፋ የተባለው ሁለተኛው ትምህርት ቤት ተከተለ። ከሁለቱም ቀድሞ፣ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ሳለች፣ ስዊድናውያን ሚስዮናውያን ከረን ላይ በ1955 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ነበር። የኤርትራ የምልክት ቋንቋ የስዊድንና የፊንላንድ ምልክቶች አሻራ ያረፈበት ከዚህ የተነሣ ነው።

የመካኒሳው ደግሞ የአሜሪካ አሻራ አለበት፤ የዘር ሐረጉም ረጅም ነው። በ1760ዎቹ እ.ኤ.አ. አካባቢ አቤ ደ ሌፔ የተባሉ ቄስ ፓሪስ ውስጥ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ። ከዚያው ትምህርት ቤት የወጣ፣ ራሱም መስማት የተሳነው ሎራን ክለር የተባለ መምህር፣ ከአሜሪካዊው ቶማስ ጋሎዴት ጋር ባሕር ተሻግሮ በ1817 እ.ኤ.አ. ሃርትፎርድ ላይ መስማት ለተሳናቸው የአሜሪካን የመጀመሪያ ቋሚ ትምህርት ቤት መሠረተ። ለጋሎዴት የጉዞው ምክንያት የጎረቤቱ ልጅ አሊስ ኮግስዌል ነበረች። እሷም ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዷ ሆነች።

መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1880 እ.ኤ.አ. ሚላን ላይ የተሰበሰቡ መምህራን ልጆቹ በአፍ መናገርን እንጂ በእጅ መግባባትን እንዳይማሩ ወሰኑ። ከተሰብሳቢዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚሰሙ ነበሩ። በብዙ አገር ለሚቀጥሉት ሰማንያ ዓመታት ተማሪ እጁን በማንቀሳቀሱ ተቀጣ። የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ መሆኑን ዊልያም ስቶኪ በጥናት ያሳየው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው። መካኒሳ የተከፈተው ከዚህ አራት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው፤ ዓለም ራሱ ጉዳዩን ገና እየተማረ ሳለ።

ስለ እነዚያ የመጀመሪያዎቹ የመካኒሳና የአልፋ ተማሪዎች ሳስብ ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከተጻፈላቸው ይልቅ እርስ በርስ የተቀባበሉት ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ብዙው ልጅ እንደ እሱ ያለ ሌላ ልጅ አይቶ አያውቅም። የገዛ ስሙን እንኳ ሳያውቅ ትምህርት ቤት የሚደርስ አለ። ጓደኞቹ ግን ፊቱን፣ ጠባዩን ወይም አካሄዱን አይተው የምልክት ስም ያወጡለታል፤ ያኔ ሰው ሊጠራው ይችላል፣ እሱም ይጠራል። እያንዳንዱ ከየቤቱ ይዞት የመጣውን ምልክት ያዋጣል፣ ከአስተማሪው የመጣውም ይጨመርበታል፣ የማይመቸው ይጣላል። ኒካራጓ ውስጥ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ትምህርት ቤት የተሰበሰቡ ልጆች ማንም ሳያስተምራቸው አዲስ ቋንቋ ሲፈጥሩ የቋንቋ ሊቃውንት በዐይናቸው አይተዋል። የእኛዎቹም ልጆች መግቢያ አግኝተው በጨዋታ ሜዳና በምሳ ሰዓት ያደረጉት የዚያው ዓይነት ሥራ ነው። የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ የምንለው ባለ ብዙ ምንጭ ቋንቋ ያደገው በነሱ እጅ ላይ ነው።

ፊደላችንም እጅ ላይ ወጥቷል፤ አሠራሩም ድንቅ ነው። በጣት ፊደል እያንዳንዱ የፊደል ቤት የራሱ የእጅ ቅርጽ አለው። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ እርከኖች ደግሞ በእጁ እንቅስቃሴ ይለያሉ። «ለ» ላይ የያዘው ቅርጽ ሳይለወጥ እጁ ሲንቀሳቀስ «ሉ» ይሆናል፣ ሌላ እንቅስቃሴ «ሊ»ን ያመጣል። የእንግሊዝኛው የጣት ፊደል ይህን አይችልም፤ አናባቢውን ለብቻው ይጽፋል። የ1936ቱ የሚስዮናውያን ድንጋጌ ማስተማሪያው አማርኛ እንዲሆን ማዘዙን ሳስታውስ፣ የውጭ ምልክት የለመደ መምህርና የአማርኛ መጽሐፍ የያዘ ልጅ የሚገናኙበት ድልድይ የግድ ያስፈልግ እንደነበር ይገባኛል።

በ1963 ዓ.ም. ግድም የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር ተቋቋመ። የመካኒሳው ትምህርት ቤት ከተከፈተ ገና ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ተደራጅቶ መብት ለመጠየቅ አንዱ ለሌላው የሚናገርበት ቋንቋ ያስፈልጋል፤ ያ ቋንቋ ነበራቸው። በ1973 ዓ.ም. ግድም ሆሳዕና ላይ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ2000ዎቹ መጀመሪያም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያን የምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ጀመረ።

ዛሬም ግን ልጃቸው አለመስማቱን ቶሎ የማያውቁ፣ ካወቁም በኋላ አፉን እስኪፈታ ብለው ዓመታት የሚጠብቁ ወላጆች አሉ። አእምሮ ቋንቋን በቀላሉ የሚቀበለው ገና በሕፃንነት ነው፤ በሰባትና በስምንት ዓመቱ የመጀመሪያውን ምልክት የሚያይ ልጅ ብዙ አምልጦታል። ይህን ለሚያነብ እናትና አባት የምለው አንድ ነው፦ ልጃችሁን ይዛችሁ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ወዳሉበት ሂዱ፣ ምልክቱንም ከልጁ ጋር አብራችሁ ተማሩ፤ የትምህርት ቤቱ በር እስኪደርስ አትጠብቁ።