ቀኑ አላለፈም፤ ቆርቆሮውስ የት ከረመ?

ጊዜው ያለፈበት የታሸገ ምግብ ተያዘ፣ ተቃጠለ፣ ተቀበረ የሚል ዜና ሰሞን ጠብቆ ይመጣል። ሸማቹም ተምሯል። ሰርዲን ወይም የቲማቲም ድልህ ሲገዛ ቆርቆሮውን ገልብጦ ታቹን ያያል፤ ኤክስፓየር ካላደረገ ይከፍላል። ደግ ልማድ ነው። ነገር ግን ያ ቀን ከምንሰጠው ክብር ያነሰ ነገር ነው የሚናገረው።

በአብዛኛው ቀኑን የሚወስነው አምራቹ ራሱ ነው፤ የሚናገረውም ስለ ጣዕም፣ ስለ ቀለምና ስለ ጥራት ነው እንጂ ስለ መመረዝ አይደለም። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ቀን እንዲታተም የሚያስገድደው በሕፃናት ፎርሙላ ወተት ላይ ብቻ ነው። እዚያ ቀልድ የለም፤ ቀኑ ካለፈ የወተቱ ንጥረ ነገር በተጻፈው ልክ ላይገኝ ስለሚችል ለሕፃን አይሰጥም። ዓሣና ባቄላ ግን በወጉ ከተቀመጡ ከ2 እስከ 5 ዓመት፣ ቲማቲም ደግሞ አሲዳም በመሆኑ ከ12 እስከ 18 ወር ጥራታቸውን ይዘው ይቆያሉ።

«በወጉ ከተቀመጡ» የምትለዋ ናት የተረሳችው።

ፋብሪካው ቆርቆሮውን አሽጎ፣ እንደ ዓሣና ባቄላ ያለውን እስከ 121 ዲግሪ ድረስ ያሞቀዋል፤ ገዳዩን የቦቱሊዝም ተሕዋስ ለማጥፋት ነው። ሙቀት የሚወዱ አንዳንድ ተሕዋስያን ግን ዘራቸው ከዚህም ይተርፋል። ቀዝቀዝ ባለ መጋዘን ውስጥ እንደተኙ ይቀራሉ፤ ሙቀቱ 40 ዲግሪ አልፎ ሲቆይ ይነቃሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ቆርቆሮውን ሳይነፉት ምግቡን ያኮመጥጡታል፤ ከውጭ ቢያዩት ምንም የለበትም፣ ቀኑም ገና ነው። ይህ በአብዛኛው አይመርዝም፤ ግን ገንዘብ ተከፍሎበታል። በቲማቲም ደግሞ ሙቀት አሲዱ ቆርቆሮውን ከውስጥ የሚበላበትን ፍጥነት ይጨምራል።

አሁን ወደ እኛ አገር የሚገባውን ካርቶን ጉዞ አስቡት። ከውጭ የሚመጣው አብዛኛው ዕቃ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው፤ በበጋቸው ከ40 ዲግሪ በላይ በሚያነድ ፀሐይ ሥር ኮንቴይነር ተራ ይጠብቃል። ቀጥሎ የአፋር በረሃ አለ። ከዚያ በኋላ ደግሞ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሱቅ፤ ባለሱቁ ቦታ ሲጠበው ካርቶኑን የሚደረድረው እጅ የማይደርስበት ላይ፣ ከጣሪያው ሥር ነው። ፋብሪካው 2027 ብሎ ሲያትም ይህን ሁሉ አላየም። አንዱ ቆርቆሮ እዚያ፣ ሌላው ጥላ ባለበት መጋዘን ከርመው ሲገናኙ ታቻቸው ላይ ያለው ቀን አንድ ነው።

ቁጥጥሩ በቀን ላይ ለምን እንደተንጠለጠለ መገመት አይከብድም። ቀን ይነበባል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይቀጣበታል፤ ሙቀት ግን ማስረጃ አይተውም። ሆኖም ሁሉ ነገር በቀን ከተመዘነ፣ ቀን መቀየር ያዋጣል። በቀለም የታተመ ቁጥር በቲነር ይለቃል፣ አዲስ ይታተምበታል። በቆርቆሮውና በካርቶኑ ላይ ያለውን ቀን ማስተያየት፣ የደበዘዘ ወይም የተደራረበ ቁጥር ካለ መተው ይሻላል። 03/05 የሚል ካጋጠመም ቀኑ ይቅደም ወሩ እንደ አገሩ ይለያያል።

ከቀኑ ይልቅ ቆርቆሮው ራሱ ብዙ ይናገራል። ያበጠ፣ የሚያፈስ፣ መጋጠሚያው ላይ የተጨረመተ፣ ሲከፈት የሚረጭ ከሆነ ቀኑ ምንም ይበል ይጣል፤ የቦቱሊዝም መርዝ ሽታም ጣዕምም ላይኖረው ስለሚችል «እስቲ ልቅመሰው» አይሠራም። ባለሱቁንም ካርቶኑ የት እንደነበረ መጠየቅ ነውር የለውም። አንዴ ከተከፈተ ደግሞ የታተመው ቀን አበቃ፤ የተረፈው ድልህ ወደ ብርጭቆ ዕቃ ተገልብጦ ፍሪጅ ውስጥ ቢበዛ ሳምንት፣ ዓሣ ከሆነ ሦስት አራት ቀን ነው ዕድሜው።