ዘርዎ ከመቶው ስንቱ ይበቅላል?

ካለፈው ምርት ለዘር ያስቀመጡት ስንዴ ለዓይን ስላማረ ብቻ ይበቅላል ማለት አይደለም። ነቀዝ የነካው፣ እርጥበት ያገኘው ወይም በውቂያ ጊዜ የተጎዳው ፍሬ ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ጉዳቱ የሚታወቀው ማሳው ሳስቶ ሲታይ ነው፤ ያን ጊዜ እንደገና ለመዝራት ዘሩም ጊዜውም አይገኝም። ስለዚህ የብቅለት ፍተሻውን ግንቦት ላይ ያድርጉ።

ስንት ፍሬ ይፈተሽ? 10 ፍሬ አብቅሎ 8 ሲወጣ «80 በመቶ ነው» ማለት አያስተማምንም። ምክንያቱን በባለ አንድ ብር ሳንቲም ማየት ይችላሉ። ሳንቲሙ በአንበሳው ወይም በሚዛኑ በኩል የመውጣት ዕድሉ እኩል ነው። 10 ጊዜ ወርውረው አንበሳው ስንት ጊዜ እንደወጣ ይጻፉ፤ ይህንኑ ደጋግመው ይሞክሩ። አንዴ 3፣ አንዴ 7 ቢመጣ አይገረሙ። 100 ጊዜ ሲወረውሩ ግን (ልጆች ቢያግዙ ቶሎ ያልቃል) ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ባለው ውስጥ ይሆናል።

ዘርም እንዲሁ ነው። 80 በመቶ የሚበቅል ዘር በ10 ፍሬ ፍተሻ 6ም 10ም ሊያሳይ ይችላል። በ100 ፍሬ ግን ብዙውን ጊዜ ከ72 እስከ 88 ባለው ውስጥ ይወጣል፤ በ400 ፍሬ ደግሞ ከ76 እስከ 84 በመቶ ይጠባል። ለቤት ፍተሻ 100 ይበቃል።

ከጆንያው አፍ ብቻ አይዝገኑ። ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ወስደው ይቀላቅሉ፤ ከዚያም 100 ፍሬ ሳይመርጡ ይቁጠሩ። ጥሩ ጥሩውን ከለቀሙ የፈተሹት ዘርዎን ሳይሆን ምርጫዎን ነው። በ4 እርጥብ ጨርቆች 25፣ 25 አድርገው ይጠቅልሉ፤ ጨርቁ እንዳይደርቅም፣ ውሃ እንዳይተኛበትም ይጠንቀቁ። በ8ኛው ቀን ሥርም ቡቃያም በደንብ ያወጣውን ብቻ ይቁጠሩ። የአንዱ ጨርቅ ውጤት ከሌሎቹ በጣም ከራቀ እንደገና ይሞክሩ።

ለሄክታር 150 ኪሎ ግራም ያሰቡት ዘሩ 90 በመቶ ይበቅላል ብለው ከሆነና ፍተሻው 75 ካሳየ፣ 150 በ90 ተባዝቶ ለ75 ሲካፈል 180 ኪሎ ግራም ያስፈልጋል። ከግማሽ በታች ከበቀለ ግን መጠን መጨመር አያዋጣም፤ ሌላ ዘር ይፈልጉ። ጓል በበዛበት ወይም ውሃ በሚተኛበት ማሳ ደግሞ ብቅለቱ ከጨርቁ ያነሰ እንደሚሆን ያስቡ።

ውጤቱንና ቀኑን ጽፈው በጆንያው ላይ ይሰሩት።